ይድረስ ለክቡር የሆስፒታል ኮሪደር

ለ፦ ክቡር የተመላላሽ ሕክምና ኮሪደር
አዳማ

ጉዳዩ፦ አንድ መስኮትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የእኛን ነገር ይተዉት። ጉንፋን ሳይዘን ለጥርስ መጥተን ጉንፋን ይዘን ተመልሰናል።

መቼም ችሎታዎን አለማድነቅ ንፉግነት ነው። አዳማ እኮ የነፋስ ከተማ ናት። ዳር ላይ የተተከሉት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አቅማቸው ሲደመር ከ200 ሜጋ ዋት ይበልጣል። ያ ሁሉ ነፋስ እርስዎ ዘንድ ድርሽ አይልም። የአንዱን ሳል ግን ለሁላችን እኩል ያዳርሳሉ። ያለዎት መስኮት አንድ ነው፤ እሱንም የካርድ መደርደሪያ ገትረውበታል።

ውጭ የኮሪደር ልማት ተብሎ መንገዱ ሲያምር እርስዎ ተረሱ እንዳይባል፣ በቅርቡ ቀለም ተቀብተዋል። ሽታው ከሳሉ ጋር ሲፎካከር ከረመ።

እርስዎ ዘንድ ሰው ሁሉ ይለካል። ክብደት፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ሙቀት። ያልተለኩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ከባድ ሆኖ እኮ አይደለም! ሮጀር ኡልሪች የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ በፔንሲልቬኒያ ሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ ከአልጋቸው ሆነው በመስኮት ዛፍ ያያሉ፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቶሎ ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ብዙ አልፈለጉም። ይህ የታተመው በፈረንጆቹ 1984 ነው። እርስዎ ዘንድ የምናየው ግድግዳ ቢሆን በስንት ጣዕሙ! የፊተኛውን ሰው ማጅራት ነው የምናየው።

እኛም መዝገብ አናጣም። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ «ላቦራቶሪ በየት በኩል ነው?» የሚላቸውን ሰው በቀን ይቁጠሩ። ያለን አቅጣጫ ጠቋሚ እሳቸው ናቸው፤ ምሳ ሲወጡ ሕንፃው ይጠፋብናል። ባለፈው አንድ አዛውንት ራጅ ክፍል ብለው ማዋለጃ ገቡ። እልልታ መሀል ተገኙ፤ ደግነቱ መርቀው ወጡ።

ስለዚህ መደርደሪያው ከመስኮቱ ላይ እንዲነሳልን በትሕትና እጠይቃለሁ። በጀት አያስፈልገውም። ሁለት ጎረምሳ ይበቃል፤ ጎረምሳው ደግሞ ወረፋው ላይ ሞልቷል።

ከሰላምታ ጋር
ተራው ያልደረሰ ታካሚ

ግልባጭ፦
ለካርድ መደርደሪያው
ለጥበቃው (ከምሳ ሲመለሱ)