ስለት ሲቀጥን

ስለ ቢላ አሳሳል ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ «ማንኛውንም ቢላ በየጎኑ 12 ዲግሪ ሳሉት፣ ምላጭ ይሆናል» ያሉት ላይ አልስማማም (ዲግሪው ሲሳል ቢላው ከድንጋዩ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው)። ምላጭስ ይሆናል፤ ጥያቄው እስከ መቼ ነው። ስለቱ በቀጠነ ቁጥር ከኋላው ደግፎ የሚይዘው ብረት ያንሳል። ለስላሳ ብረት ከሆነ ጫፉ ይታጠፋል፤ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ አጥንት ሲነካ ይሸረፋል። በሮክዌል የብረት ጥንካሬ መለኪያ 60 አካባቢና ከዚያ በላይ የሆኑት የጃፓን ቢላዎች 15 ዲግሪ ገደማ የሚሳሉት ብረታቸው ስለሚችለው ነው። ለስለስ ላለው ለተለመደው የወጥ ቤት ቢላ 20 ይሻላል፤ ለአጥንት መፍለጫ 25ም አይበዛበትም።

ቀጭን ስለትም ጥንካሬም ሁለቱንም ለሚፈልግ መላ አለው። በቀጭኑ ስላችሁ ስታበቁ ቢላውን ትንሽ ቀና አድርጋችሁ በደቃቅ ድንጋይ ላይ በየጎኑ ሁለት ሦስቴ ብቻ ቀለል አድርጋችሁ ሳቡት። በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ሁለተኛ ጠርዝ ይወጣለታል፤ የመቁረጥ አቅሙ እምብዛም ሳይቀንስ ይበረታል።

ጽሑፉ የዘለለው ነገር ደግሞ አንዱን ጎን ስንስል በሌላው በኩል የሚታጠፈውን ስስ የብረት ትርፍ ነው። ጣታችሁን ከቢላው ጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ ስታስኬዱ (በስለቱ ርዝመት ግን በፍጹም!) ይጎረብጣል። ከእጀታው እስከ ጫፉ ካልጎረበጠ ገና ነው፤ ከጎረበጠ ጎን ቀይሩ። መጨረሻ ላይ ይህ ትርፍ ካልተነሳ ቢላው ትንሽ ቆርጦ ይደነዝዛል፣ ሰውም «ብረቱ አይረባም» ይላል።

በኤሌክትሪክ ሞረድ ለምትስሉ፦ ጠርዙ ሰማያዊ ካለ በሙቀት ለስልሷል ማለት ነው፤ ያን ክፍል ሞርዶ ከማውጣት ሌላ ቀላል መፍትሔ የለውም።