ቂብላን በስልክ ብቻ አትለዩ

በአዲስ አበባ ዳር በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ ስላሉት የቆርቆሮ መስገጃዎች የተጻፈ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ስለ እነሱ መጻፉ በጣም ደስ ይላል። «ቂብላውን (ሲሰገድ ፊት የሚዞርበትን፣ መካ ያለውን የካዕባ አቅጣጫ) በስልክ ኮምፓስ መለየት ይበቃል» የሚለው ግን መታረም አለበት። ስልኩ ቆርቆሮ ወይም ፌሮ አጠገብ ሲሆን ይሳሳታል፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲሉ ሌላ አቅጣጫ ያሳያል። ምንጣፍ ከተነጠፈ በኋላ ሶፍ (የሰጋጆች ረድፍ) መቀየር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ቂብላ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፣ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አስተማማኟ መለያ ፀሐይ ናት። በየዓመቱ ግንቦት 19 እና 20 ከቀኑ 6፡18 ላይ በካዕባ አናት ትሆናለች። ለጥ ባለ መሬት ላይ 2 ሜትር እንጨት በቱንቢ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ 44 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ እንጨቱ ትንሽ ካዘመመ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ከጥላው ጫፍ ወደ እንጨቱ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። ሐምሌ 8 እና 9 ከቀኑ 6፡27 ላይም ይሆናል፣ ግን በክረምት ደመና ማን ይተማመናል?

ከዚያ ሲባጎ ወጥራችሁ መስመሩን ወደ ቤት አስገቡ፣ የሶፉን ቀጥ ያለ ማዕዘን ጎኖቹ 3፣ 4 እና 5 ሜትር በሆኑ ሦስት ማዕዘን አውጡ። ለአንድ ሶፍ 1 ሜትር ከ20 ይበቃል። ቤቱ ወደ ቂብላ ባይሠራም ምንጣፉ ግድግዳውን እንዳይከተል፤ ጥግ ላይ የሚተርፈው ቦታ ለቁርኣን መደርደሪያ ይሆናል።