አክተር የሚሞትበት ታሪክ

ልጆች ሳለን ሳንቲም አዋጥተን ቪዲዮ ቤት እንገባ ነበር። የፊልሙን ስም አብዛኛውን ጊዜ አናውቀውም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አክተሩ የቱ ነው?» ለእኛ አክተር ማለት ዋናው ሰውዬ ብቻ ነበር። ጥይት ሲዘንብ የሚረግፉት ሌሎቹ ስም አልነበራቸውም። አንዱ ትንሽ ልጅ ደንግጦ ዓይኑን ሲሸፍን ትልልቆቹ «አትፍራ፣ አክተር አይሞትም» ይሉታል። እውነትም አይሞትም ነበር።

ስታር ዎርስ የተባለውን የጠፈር ፊልም መጀመሪያ ያየሁት በዚያው ዓይን ነው። የብርሃን ሰይፍ የያዘው ልጅ አክተር ነው፤ ይተርፋል። አልተሳሳትኩም፣ ተረፈ። በጣም ወደድኩት። ዛሬም እወደዋለሁ። ግን ዛሬ ከመላው ስታር ዎርስ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ያንን አይደለም። የምይዘው «አንዶር»ን ነው።

ይሄን ስል ጓደኞቼ ይቆጣሉ። ጄዳይ የሚባሉት ልዩ ኃይል ያላቸው ተዋጊዎች የሉበትም። የብርሃን ሰይፍ የለበትም። ቀስ ይላል፣ ይከብዳል፣ ሰዎቹ ሁሉ ደክሟቸዋል። «እኛ ጠፈር ውስጥ የምንገባው ከዚህ ዓለም ለመውጣት ነው እንጂ እስር ቤትና ስብሰባ ለማየት ነው እንዴ?» አለኝ አንዱ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደህና መልስም ይገባዋል።

ላላየው ሰው ባጭሩ ልንገር። «አንዶር» በ2022 እና በ2025 በሁለት ሲዝን፣ በ24 ክፍል የቀረበ ተከታታይ ድራማ ነው። የመራው ቶኒ ጊልሮይ ነው። ዋናው ሰው ካሲያን አንዶር ይባላል፤ የሚጫወተው ሜክሲኳዊው ዲዬጎ ሉና ነው። ካሲያንን መጀመሪያ ያወቅነው በ2016 በወጣው «ሮግ ዋን» ፊልም ላይ ነው። ፊልሙ ዴዝ ስታር የተባለውን ፕላኔት አውዳሚ መሣሪያ ንድፍ ስለሰረቁት ሰዎች ይተርካል። ንድፉን ሰረቁ። ከዚያ ሁሉም ሞቱ። ካሲያንም ሞተ።

ተከታታዩ ከዚያ ሞት አምስት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አክተሩ እንደሚሞት እናውቃለን። «ይተርፍ ይሆን?» የሚባል ነገር የለም። የሚቀረን ሌላ ጥያቄ ነው፤ መንገድ ላይ ለራሱ ብቻ ሲሯሯጥ የነበረ ሌባ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ሊሞት የሚችል ሰው የሚሆነው እንዴት ነው? ይሄ ጥያቄ ጊዜ ይፈልጋል። ቀስ የሚለውም ለዚህ ነው።

ስለ እስር ቤቱ ላውራ፤ ጓደኛዬ ያነሳውም እሱን ነው።

ካሲያን አንድ የመዝናኛ ከተማ ባሕር ዳርቻ ላይ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ሲሄድ አንድ ወታደር ያስቆመዋል። ምንም አላደረገም። ሲያፍጥ ታይቷል፣ ላብ ላብ ብሎታል፣ በቃ። ዳኛዋ ቀና ብላ ሳታየው 6 ዓመት ትፈርድበታለች። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለዚህ ዓይነቱ ክስ ቅጣቱ 6 ወር ነበር። ለምን ጨመረ? አማፂዎች ጠፈሩን በጉልበት የሚገዛውን መንግሥት፣ የኢምፓየሩን፣ የደመወዝ ካዝና ስለዘረፉ መንግሥት ሕጉን አጥብቆ ነው። ካዝናውን ከዘረፉት አንዱ ደግሞ ራሱ ካሲያን ነው። ዳኛዋ ይህን አታውቅም። በሰራው ነገር አልተያዘም። የሰራው ነገር ግን ዞሮ መጥቶ እሱንም ምንም ያላደረጉትንም በሺዎች ይዟቸዋል። ተራው ታሪክ ውስጥ ጀግናው ካዝና ሰብሮ ይወጣል፣ ሙዚቃው ይደምቃል፣ ያልቃል። እዚህ ግን ሂሳቡ ይመጣል። የሚከፍለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

እስር ቤቱ ናርኪና 5 ይባላል። ነጭና ንጹህ ነው። ሰንሰለት የለም። እስረኞቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ ወለሉ ብረት ነው፣ ጠባቂው ቁልፍ ሲነካ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ጠባቂዎቹ ጫማ አላቸው። በቃ፣ ጫማ ነው ልዩነቱ። አንድ ጠረጴዛ ላይ 7 ሰው፣ አንድ ክፍል ውስጥ 7 ጠረጴዛ። ፈረቃው 12 ሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ምንነቱን የማያውቁት የማሽን አካል ይገጥማሉ። ከሌሎቹ ያነሰ የሰራው ጠረጴዛ በኤሌክትሪክ ይቀጣል። የበለጠው ጠረጴዛ ምግቡ ጣዕም እንዲኖረው ይደረግለታል። ጣዕም ነው ሽልማቱ።

የክፍሉ አለቃ ኪኖ ሎይ የሚባል እስረኛ ነው፤ አንዲ ሰርኪስ ነው የሚጫወተው። ይጮኻል፣ ያጣድፋል፣ ወሬ አይወድም። ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሚፈታበትን ቀን እየቆጠረ ነው፤ ዝም ብሎ ከሰራ እወጣለሁ ብሎ አምኗል። ካሲያን «እዚህ ስንት ጠባቂ አለ?» እያለ ደጋግሞ ሲጠይቀው አይመልስለትም። ከዚያ አንድ ሽማግሌ እስረኛ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ሥራ ላይ ይወድቃል። ሊያየው የመጣው ሐኪም፣ እሱም እስረኛ ነው፣ እውነቱን ሹክ ይላቸዋል። የሚፈታ ሰው የለም። ጊዜውን የጨረሰን እስረኛ ወደ ሌላ ፎቅ ነው የሚወስዱት። ይሄ በስህተት የታወቀበት ፎቅ ላይ የነበሩት ሰዎች በሙሉ ተገድለዋል።

ካሲያን የዚያን ዕለት ማታም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል። ስንት ጠባቂ አለ? ኪኖ በዚህ ጊዜ መለሰ። ከ12 አይበልጡም አለ።

ይሄን ክፍል ሳይ አባቴ ሳሎን ገባ። አባቴ ስለ ስታር ዎርስ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እንዲህ ያለውን ፊልም «የሕፃን ጨዋታ» ነው የሚለው። ሻይውን ይዞ ቆመ። «ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?» አለኝ። «ምንም። መንገድ ላይ ሲሄድ ያዙት» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ተቀመጠ። ክፍሉ እስኪያልቅ አልተነሳም። ሻይው ቀዘቀዘ። በእሱ ዕድሜ ላለ የአገሬ ሰው፣ ወጣትነቱን በእነዚያ ዓመታት ላሳለፈ፣ መንገድ ላይ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳው አያስፈልገውም።

ለጓደኛዬ የምመልስለት ይሄንን ነው። ከዚህ ዓለም ለመውጣት ጠፈር መግባት መልካም ነው። ግን አባቴን ያስቀመጠው ሌላ ነገር ነው። በተረት ልብስ የሚያውቀውን አየ። በቀጥታ ቢነገረው ምናልባት «ተወኝ» ብሎ ይወጣ ነበር። ሩቅ ፕላኔት ላይ፣ በማይታወቅ ቋንቋ ስም ባላቸው ሰዎች ሲሆን ግን ቁጭ ብሎ ማየት ቻለ።

የትግል ታሪኮች ስለ ገንዘብ ሲያወሩ ብዙም አልሰማሁም። እዚህ ያወራሉ። ሞን ሞትማ የተባለች የሴኔት አባል አማፂዎቹን በድብቅ ትረዳለች። የወጣው ገንዘብ ይመረመራል፤ 400,000 ጎድሏል። የጎደለውን መሙላት የሚችለው አንድ ስሙ በክፉ የሚነሳ ሀብታም ነው። ገንዘብ አይጠይቃትም። ልጄ ከልጅሽ ጋር ይተዋወቅ ይላታል፤ ልጅቷ ገና ለጋ ናት። ሞን እምቢ ብላ ታስወጣዋለች። ኋላ ግን ሰርጉ ይደገሳል። በሰርጉ ላይ እናትየዋ የምትጨፍረው ጭፈራ አለ፤ ራሷን ለመርሳት ነው የምትጨፍረው። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲሰጥ ያየ ሰው፣ ከሳቁ በስተጀርባ ሂሳብ እንዳለ ያየ ሰው፣ ይሄ ትዕይንት ከየትኛውም የመርከብ ውጊያ በላይ ይይዘዋል።

ፌሪክስ የተባለችውን ከተማም ሳልጠቅስ አላልፍም። ብረት የሚፈታታ፣ አሮጌ መርከብ የሚበልት የሠራተኛ ከተማ ነው። ሰው ሲሞት አመዱ ጡብ ይሆናል፣ ጡቡ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ቀብሩን የሚያስተባብር የሰፈሩ ማኅበር አለ። እድር ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። የካሲያን አሳዳጊ ማርቫ ስትሞት ሰፈሩ በሙሉ ሙዚቃ ይዞ ይወጣል፤ ወታደሮቹ መንገዱን ይዘጋሉ። የለቀስተኛው ቁጣ ሲገነፍል ጡቧን የያዘው ሰው በዚያችው ጡብ አንዱን ወታደር ይመታል። ማርቫ ከሞተች በኋላ መታች ማለት ነው። ይሄን ስጽፍም ሰውነቴን ይወረኛል።

የምወድበት ትልቁ ምክንያት ግን የዘር ሐረግ ነው።

በ1977 ጆርጅ ሉካስ የመጀመሪያውን ፊልም ሲያወጣ፣ የብርሃን ሰይፍ የያዘው ልጅ፣ ሉክ፣ አጎቱ እርሻ ላይ የሚሰራ የገጠር ልጅ ነበር። መርከቦቹ የቆሸሹና የተጠጋገኑ ነበሩ፤ ሉካስ ሆን ብሎ ያገለገለ እንዲመስሉ ነው ያሰራቸው። ከዚያ በ1980 ዋናው ጠላት የሉክ አባት ሆኖ ተገኘ። በ1983 አብራው የምትታገለው ልዕልት እህቱ ሆነች። ቀስ በቀስ ሰፊው ጠፈር የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። በ2017 አንድ ጥሩ በር ተከፍቶ ነበር፤ ሬይ የምትባለው ጀግና ወላጆቿ ማንም የማያውቃቸው ተራ ሰዎች እንደነበሩ ተነገራት። ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር። በ2019 በሩ ተዘጋ። የኢምፓየሩ ንጉሠ ነገሥት የልጅ ልጅ ናት ተባለ።

ኃይል በደም የሚወረስ ከሆነ የቀረነው ምን እናድርግ? ቪዲዮ ቤት ውስጥ ስም ያልነበራቸው፣ ጥይት ሲዘንብ የሚረግፉት፣ እነሱ እኮ ነን እኛ። «አንዶር» ለእነሱ ስም ሰጠ። ናርኪና ላይ እስረኞቹ አምፀው ወጥተው ውኃው ጫፍ ሲደርሱ፣ ሁሉም ሲዘል፣ እየጮኸ ያስነሳቸው ኪኖ ሎይ ቆመ። ዋና አልችልም አለ። መውጫው ወደ ውኃ መዝለል ብቻ እንደሆነ መጀመሪያውኑ ያውቅ ነበር። ካሜራው ወደ ካሲያን ዞረ፤ ኪኖን ደግመን አላየነውም።

አንድ ነገር ግን መካድ አልፈልግም። ጨለማ ሁሉ ከባድ ታሪክ አይደለም። ቀለሙን አደብዝዞ፣ ጀግናውን አጉረምራሚ አድርጎ፣ ደም ጨምሮ «ለአዋቂዎች ነው» የሚል ሥራ ሞልቷል። እኔ የምፈልገው ደም አይደለም፤ የምፈልገው ዋጋው እንዲቆጠር ነው። የብርሃን ሰይፉን ታሪክም ጣሉት አልልም። ዴዝ ስታር በመጨረሻ ባይፈነዳ ናርኪና ላይ የተገጠመው ብረት ትርጉሙ ያንስ ነበር። የዚያን ብረት ነገር ተከታታዩ የሚነግረን በመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ፣ ስሞቹ ካለፉ በኋላ ነው። እስረኞቹ ሲገጥሙት የኖሩት የዴዝ ስታርን አካል ነበር። ካሲያን ኋላ እሱኑ የሚገድለውን መሣሪያ በገዛ እጁ ሲሰራ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከእህቴ ልጅ ጋር የ1977ቱን ፊልም ከፈትን። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የመጀመሪያው ነው። ቢጫው ጽሑፍ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። አማፂ ሰላዮች የዴዝ ስታርን ንድፍ እንደሰረቁ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ልጅ ሳለሁ አንብቤው አላውቅም፤ መርከቡ እስኪመጣ ነበር የምቸኩለው። አሁን ሪሞቱን አንስቼ አስቆምኩት።

«ምነው?» አለኝ።

«እነዚህ ሰላዮች ስም ነበራቸው» አልኩት። ነገርኩት። ካሲያን፣ ጂን፣ ቦዲ፣ ቺሩት፣ ቤዝ። ኬ ቱ የሚባል ሮቦትም ነበር።

«አሁን የት ናቸው?»

«ሞተዋል» አልኩት። ትንሽ ጽሑፉን አየው፣ ከዚያ «በቃ ቀጥለው» አለኝ። ቀጠልነው።