የሃርድቶፑን ስም ለቪ8 አታውርሱ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያረጁት ቪ8ዎች (ባለ ስምንት ፒስተን ላንድክሩዘሮች) ይሸጡ ወይስ ይጠገኑ የሚል ጥያቄ ሰሞኑን ደሴ ላይ በአንድ የበጀት ውይይት ተነሥቶ ነበር። አንድ ኃላፊ የሰጡት መልስ፣ ላንድክሩዘር አይበላሽም፣ የወሎን መንገድ ከእሱ በቀር የሚችለው የለም፣ ዘይቱን እየቀየሩ ገና አሥር ዓመት መንዳት ይቻላል የሚል ነው። ተጨበጨበላቸውም። በሕዝብ ገንዘብ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሲወረወር ዝም ማለት አይገባም።

የትኛው ላንድክሩዘር ነው የማይበላሸው? ወሎ ውስጥ ይህን ስም ያስከበረው ወላድ እናት ከገጠር ቀበሌ ጭኖ ሆስፒታል የሚያደርሰው ሃርድቶፕ ነው። ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ፒስተን፣ ቱርቦ የሌለው፣ ናፍጣውን በሜካኒካል ፖምፓ የሚገፋ፣ ኮምፒውተር የማያዝዘው ነው። ፋብሪካው ከእ.ኤ.አ. 2007 እስከ 2021 የሠራው ባለ ናፍጣው ቪ8 ደግሞ 4.5 ሊትር፣ ስምንት ፒስተን፣ ሁለት ቱርቦ፣ ከዚያም ናፍጣውን በጋራ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት የሚያቆይ ኮመን ሬል። ዓርማቸው አንድ ነው፤ በሞተር ግን ዝምድና የላቸውም። ሃርድቶፑ በጭቃና በዳገት ያፈራውን ስም ቪ8 በነፃ ይኖርበታል፤ በጀት የሚያጸድቁትም የስሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ሳያጣሩ ይፈርማሉ።

ልዩነቱ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚረጨው ከኖዝሉ ይጀምራል። የሃርድቶፑ ኖዝል ግፊቱ ወደ 150 ባር ሲደርስ ይከፈታል። በቪ8 ቱቦ ውስጥ ግን ናፍጣው ጭነት ሲበዛ ከ1,500 ባር በላይ ይጨመቃል፤ ኖዝሉን የሚከፍተውም ኤሌክትሪክ ነው፣ በአንድ ዙር ውስጥ ደጋግሞ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከፀጉር በብዙ እጥፍ በሚቀጥን ክፍተት ነው። እዚያ የገባ አቧራ ብረቱን ይሞርደዋል፣ ውሃ ከገባም ያዝገዋል። ናፍጣ እዚህ እንዴት እንደሚገዛ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ማደያ ሲደርቅ መፍትሔው የመንገድ ዳር ጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም፣ በምርጫ ሳይሆን በችግር ስለሚገዛም ማንም አጥልሎ አይቀዳም። ሃርድቶፑም ይህን ናፍጣ አይወደውም። ቢሆንም ያስለዋል እንጂ አይጥለውም፤ የፖምፓ ባለሙያ ባለበት ከተማ ኖዝሉ ተፈትቶ፣ ጫፉ ተቀይሮ፣ ግፊቱ ተለክቶ ይመለሳል።

የቪ8 ኖዝል ሲታመም ምልክቱ ግልጽ ነው። ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ረጅም ካልዞረ ሞተሩ አይነሣም፤ ሲነሣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሲዞር) ያንኳኳል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ከፍ ብሎ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ብዙ ሹፌር ዘይቱ አልጎደለም ብሎ ይደሰታል፤ የሚያየው ግን ናፍጣ ያቀጠነው ዘይት ነው፣ የሞተሩን ዘንግ የሚሸከመውን ኩሽኔታ የሚበላውም እሱ ነው። የታመመውን ለመለየት የስምንቱን የመመለሻ ቱቦ ፈትቶ እያንዳንዱን ወደየራሱ ጠርሙስ ማስገባት፣ ከዚያ ሞተሩን በሚኒሞ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ነው። ከሌሎቹ በልጦ የሞላው ጠርሙስ ኖዝሉን ይጠቁማል። አዲስ ኖዝል ሲገባ ላዩ ላይ የታተመው ኮድ በስካነር ኮምፒውተሩ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ አለበለዚያ ሞተሩ መንቀጥቀጡን አይተውም። የመዳብ ሮንዴላውም አብሮ ይቀየራል፣ አሮጌውን መልሶ ማሰር አያዋጣም። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኖዝል አምጥቶ፣ ያለ ስካነር ገጥሞ መንገድ መልቀቅ ነው። ሳይዘጋ የሚያንጠባጥብ አንድ ኖዝል ፒስተን ይበሳል፤ ያን ጊዜ ሙሉ ሞተር መውረዱ ነው። ስምንት እንደሆኑም አይረሳ። ዋጋቸው በዶላር ነው፣ ዶላሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

እንግዲህ ዘይት መቀየር ከዚህ የትኛውን ያድናል? አንዱንም። ኖዝል የሚያድነው የናፍጣ ፊልትሮ ነው። የእኛን ናፍጣ ለሚጠጣ ቪ8 ፊልትሮው በ10,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፣ ውሃው ደግሞ በየሳምንቱ መፍሰስ አለበት። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከፊልትሮው ሥር ዕቃ ደቅኖ፣ የታችኛውን ቡሎን ማላላት፤ ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ መጫን፤ ከዚያ መልሶ ማጥበቅ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የፊልትሮው መብራት ዳሽቦርድ ላይ በርቶ ስብሰባ ይደርሳል ተብሎ ከተነዳ ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ይከተላል።

ዘይቱም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከ9 ሊትር በላይ ይፈልጋል።

አቧራም አለ። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ደላንታ ወይም መቅደላ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ ቪ8 የአየር ፊልትሮው ጠርዝ በትክክል ካልገጠመ አቧራውን በፊልትሮው ጎን እያሾለከ ይስባል። ፎርጅድ ፊልትሮ ጠርዙ ለስላሳ ስለሆነ አይዘጋም፤ በኮምፕሬሰር እየተነፋ የሚመለሰውም ወረቀቱ ይቀደዳል። ከፊልትሮው ወዲያ ያለውን ቱቦ በነጭ ጨርቅ ጠርጉት፤ ጨርቁ ቡናማ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ መበላት ጀምሯል። ቀጥሎ ሞተሩ ዘይት ይጠጣል፣ ሰማያዊ ጭስም ይከተላል።

ሞተሪኖውን ያስቀመጡበትን ቦታም ተመልከቱ። በሁለቱ የፒስተን ረድፎች መካከል፣ ከአየር ማስገቢያው ሥር ነው። የሃርድቶፑ በጎን ስለሆነ ፈትቶ ለማውጣት ቀላል ነው። የቪ8ን ለማውጣት ግን የሞተሩን የላይኛው ክፍል መግፈፍ ያስፈልጋል፤ ተቃጥሎ የሚገኘው ሁለት የመዳብ ቁራጭ ቢሆንም የቀን ሥራ ይሄዳል።

የሐረጎን ቁልቁለት ሳላነሣ ስለ ወሎ መኪና አላወራም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከሁለት ቶን ተኩል የሚበልጥ መኪና በአውቶማቲክ ማርሽ ለቆ ፍሬን ብቻ መርገጥ ዲስኩን ያጣምማል፣ ሸራውን ይጨርሳል። ማርሹ በእጅ ወደ ሦስት ወይም ሁለት መውረድ አለበት። ሽቅብ ሲመጣ ደግሞ ቱርቦዎቹ በቀጠነው የደሴ አየር ግለው ይደርሳሉ፤ ወዲያው ከማጥፋት በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማብረድ ግድ ነው። ይህን የሚያደርግ ሹፌር አለ፤ ኃላፊው በር ከፍተው እስኪወርዱ እንኳ ጊዜ የማይሰጠውም አለ።

ነዳጁን በቁጥር እንየው። በወሎ ዳገት ቪ8 በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ይፈጃል ብንል፣ በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 4,200 ሊትር ነው። 10 ሊትር የሚበቃው ባለ አራት ፒስተን ፒክአፕ 3,000 ሊትር ይጨርሳል። ልዩነቱ 1,200 ሊትር ነው፣ በአንድ መኪና፣ በየዓመቱ። ይህን ልዩነት የሚከፍለው ደግሞ ያው ለአምቡላንስ ናፍጣ ሲጠየቅ አልቋል የሚባልበት በጀት ነው።

ሻንሲውና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ጠንካራ እንደሆነ አልክድም። በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ከጥር 2016 ወዲህ ስለተከለከለ ምትክ የለም የሚለውን ክርክር ግን አልቀበልም። ምትክ ከሌለ ዛሬ ዋጋ ያለው ቪ8 ሞተሩ ሳይወርድ ይሸጥ፤ በገንዘቡም የቆሙት ሃርድቶፖች ተጠግነው ይነሡ።

አይሸጡም ከተባለም ኃላፊው ለየሰሌዳው ሦስት ቁጥር በይፋ ያውጡ፦ የተነዳበት ኪሎ ሜትር፣ የጠጣው ናፍጣ፣ ለኖዝል የወጣው ብር። እሳቸው በዚያ ቀን ወደ አዳራሹ የመጡበት ቪ8 የናፍጣ ፊልትሮው መጨረሻ የተቀየረው በስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነበር?