መጽሐፎቹን ተቀብዬ ፈረምሁ

ወገኖቼ፣ በዚህች የወሎ ከተማ አብረን የምንኖር አባቶች፣ እናቶችና መምህራን፤ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም ከራሴ ይጀምራል።

ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር አንድ የ15 ዓመት ተማሪዬ የመማሪያ መጽሐፎቹን በፌስታል ይዞ ወደ መምህራን ክፍል መጣ። መጽሐፍ የሚመለሰው ትምህርት ሲዘጋ፣ በሰኔ ነው። እርሱ ግን በየካቲት አመጣቸው፤ ሁሉም ተለብጠዋል፣ አንድም ገጽ አልተቀደደም። «ጎበዝ፣ እንዲህ ነው መያዝ» ብዬ ተቀበልሁትና መዝገቡ ላይ ፈረምሁ። ለምን አሁን ብዬ አልጠየቅሁትም። ልጁ በሩ አጠገብ ጥቂት ቆመ። እንድጠይቀው ይጠብቅ እንደነበር ዛሬ ይሰማኛል፤ ያን ጊዜ ግን የማርመው ፈተና ነበረኝና ቀና አላልሁም። በማግሥቱ ሌሊት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአፋር በረሃ አድርጎ፣ ጀልባዎች ወደ የመን ወደሚነሡበት ወደ ጅቡቲ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ኦቦክ አቀና።

ምልክቱ ለእኔ ብቻ አልነበረም የተሰጠው። ደህናውን ጫማውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶ ነበር፤ ቤተሰቡ አየ፣ ዝም አለ። ደላላውም ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ አይደለም፤ በእድራችን የሚቀመጥ፣ ልቅሶ የሚደርስ ጎረቤታችን ነው። ልጁን «አሁን ምንም አትከፍልም፣ ስትደርስ ሠርተህ ትከፍላለህ» ብሎታል። የዚያ ጉዞ ዋጋ ስንት እንደሆነ ያወቅነው በሦስተኛው ሳምንት ከየመን ስልክ ተደውሎ እናቱ የልጇን ጩኸት ስትሰማ ነው።

ይቅር ማለት ያቃተኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። የቤዛውን ገንዘብ ለመሰብሰብ ሦስት ቀን በቃን። ልጁ ደብተር መግዣ አጥቶ ከትምህርት ሲቀር ያልተፈታው ኪሳችን ለአጋቾቹ ተፈታ። ደላላውም መጥቶ ከመካከላችን ተቀመጠ፤ እንደማናችንም አዋጣ፤ ስሙም ተመዘገበ። ልጁን የላከው እርሱ እንደሆነ ሁላችን እያወቅን ተነሥ ያለው አልነበረም። እኔም አላልሁትም። ገንዘቡ ተላከ፤ ስልኩ ግን ዳግመኛ አልተነሣም። እናቱ እስከ ዛሬ እርሟን አላወጣችም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድማ የምትነሣው እርሷ ናት።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን መነገድንና በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በጽኑ ይቀጣል፤ ተጎጂው ሕፃን ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። ነገር ግን ምስክር የማይቆምለት ሕግ ምን ያደርጋል? ምስክሮቹ እኛ ነበርን፤ እኛም ከተከሳሹ ጋር ቡና ጠጣን። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በየመን አብያን ዳርቻ ብዙ ወገኖቻችንን የጫነች ጀልባ ሰጥማ ከ60 በላይ ሰዎች ሲሞቱ አለቀስን፤ ግን ከየትኛው መንደር፣ በማን እጅ እንደወጡ የጠየቀ ስንት ነው?

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ልጅ ሳይሄድ በፊት ያለውን ጊዜ አንጣለው። «እሄዳለሁ» ሲል አንቆጣው፤ የተቆጣነው ልጅ ሳይነግረን በሌሊት ይሄዳል። ማን እንዳናገረው፣ ምን ቃል እንደገባለት፣ ከቤት ምን እንደጎደለበት በእርጋታ እንጠይቀው። «አሁን አትከፍልም» ማለት ኋላ እናትህ ትከፍላለች ማለት እንደሆነ ሳንደብቅ እንንገረው። ስልኩን ሊነጥቁት ይችላሉና የአንድ ዘመድ ቁጥር በቃሉ ያጥና። ለቤዛ የሚሰበሰበው ገንዘብ ሲሶው እንኳ ለደብተርና ለሙያ ማሠልጠኛ አስቀድሞ ቢሰበሰብ ስንቱን ልጅ ያቆይልን ነበር። ሁሉም ይቀራሉ አልልም፤ ድህነቱን እኔም አውቀዋለሁ፣ አንዳንዱ ቤት ለልጁ የሚለው ነገር የለውም።

በዚህ ዓመት በኅዳር አንዲት ተማሪ መጽሐፎቿን ይዛ መጣች። መዝገቡን ዘግቼ ወንበር ሳብሁላት፤ እስኪመሽ ድረስ ተነጋገርን፤ መጽሐፎቿንም ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከእናቷ ጋር ሁለት ጊዜ ተገናኝተናል፤ የተቸገሩበት ነገር ገና አልተፈታም። በየማለዳው ስም ስጠራ ግን የእርሷ ተራ እስኪደርስ ልቤ ይመታል፤ እስከ ዛሬ ጠዋት «አቤት» ብላለች።