ለከፊራው ባለ ሞንታርቦ

ይድረስ ባጃጁ ላይ ሞንታርቦ ሰቅሎ ለሚያክመን የባህል ሐኪም፤
ድሬዳዋ፣ ከፊራ

ዋሪያ፣ እንዴት ከርመሃል? በድሬ ደንብ «አንተ» ብዬሃለሁ። አንቱታ እዚህ ከተማ እንደ ካፖርት ነው፤ ማን ይለብሰዋል?

ጎረቤትህ ነኝ። የሞንታርቦህ አፍ የዞረበት መስኮት የእኔ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ግማሹ ድሬ በርጫ ግማሹ እንቅልፍ ላይ እያለ፣ ትጀምራለህ፦ «ለስኳር! ለግፊት! ለጨጓራ! ለኪንታሮት! ለወገብ! ለዓይነ ጥላ!» አንድ ሃይላንድ፣ ስድስት በሽታ። ሰባተኛውን ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነው የምትጠራው፤ ወንዶቹ ግን እሱን ሰምተው ነው የሚመጡት። ይህን ሁሉ ችዬህ ነበር። ያልቻልኩት ቀጥሎ ወደ ክትባት ስትሻገር ነው።

«እናቶች፣ ልጆቻችሁን አታስወጉ፣ ያመክናል!» ትላለህ። ግቢያችን ውስጥ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተከተበች ሴት አለች፤ ሰባተኛዋን ልትገላገል ነው። እባክህ መጥተህ አስረዳት።

«የፈረንጅ ነገር አትመኑ» ብለህ ሳትጨርስ ደግሞ «አንድ የእንግሊዝ ዶክተር ኦቲዝም እንደሚያመጣ አረጋግጧል» ትላለህ። ስሙን ስለማታውቀው ልንገርህ፤ አንድሩ ዌክፊልድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ 12 ሕፃናት ጻፈ። አሥራ ሁለት! አንተ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ከዚያ በላይ ጠርሙስ ትሸጣለህ። በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው፤ በዚያው ዓመት እሱም ከአገሩ የሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ። በፈቃድ ጉዳይ ዛሬ ከአንተ ጋር እኩል ነው።

ለመሆኑ ክትባትን ማን እንግዳ አደረገብን? የቀድሞ ሰዎቻችን እኮ ከፈንጣጣ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ ጫር እያደረጉ ይቀቡ ነበር። አደገኛ ዘዴ ነው፣ የሚሞትበትም ነበር፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ቃሉንም ተመልከተው፦ ክታብና ክትባት የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው፤ ከተበ፣ ጻፈ ማለት ነው። አንዱን አንገት ላይ እያንጠለጠልክ ትሸጣለህ፣ ወንድሙን በሞንታርቦ ትሰድባለህ።

የአያቴን ፊት ብታየው ፈንጣጣ ምን እንደሆነ ይገባህ ነበር። ልጅ ሆኜ ጠባሳዎቿን በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር የምተኛው፤ ሁልጊዜ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያ በሽታ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 እዚሁ ጎረቤታችን ሶማሊያ፣ መርካ ውስጥ ተገኘ፤ በ1980 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። አንተም በዝርዝርህ «ለፈንጣጣ!» ብለህ አታውቅም። ክትባት ገበያህን ዘጋብህ፤ ቂምህ ከዚያ ይሆን?

ቅጠል ናቀ እንዳትለኝ። ኮሶ ጠጥቼ አድጌያለሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቢልሃርዚያን የሚያሰራጩትን ዓይነት። ሞንታርቦ አልገዙም። ስንቱ ይበቃል፣ ሲበዛስ ሌላ ምን ይገድላል እያሉ ዓመታት ለኩ፣ መዘኑ። አንተን ባለፈው «መጠኑ ስንት ነው?» ብልህ «እንደ እምነትህ» አልከኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። በእኛ በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ቺኩንጉንያ ድሬን ሲያጎብጣት እኔም ከአልጋዬ ሽንት ቤት ድረስ በአራት እግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ጠርሙስህን ገዝቻለሁ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ምንም ያልገዛውን ወንድሜንም በአምስተኛው ቀን ለቀቀው፤ እሱ ብሩም አለው። እንግዳው ጓዙን ሸክፎ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆመህ «አባረርኩት» ማለት እንዴት ያለ ሙያ ነው! ደግሞ በሽታውን የምታስተላልፈው ቢንቢ የምትፈለፈለው በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ነው፤ ቅጠል የምትዘፈዝፍበት በርሜልህ ክዳን የለውም። ማስፋፋቱንም ማከሙንም ለብቻህ ይዘኸዋል፣ አቦ።

የጤና ኤክስቴንሽኗን ልጅ «መርዝ ተሸካሚ» ብለህ ስትጮህባት ሰምቻለሁ። በዚህ ሐሩር የተሸከመችው ሳጥን ውስጥ ያለው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ በረዶው እንዳይቀልጥባት ነው የምትሮጠው። ያንተ ጠርሙስ ከሰኞ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ነው፤ ክዳኑ መነፋት ጀምሯል። ስለ እሷ ሳጥን መቶ ጥያቄ አለህ፤ ስለዚህ ክዳን አንድም።

ባለፈው ሳምንት ሙቀቱ ሲብስ ሸሚዝህን አውልቀህ በካናቴራ ቀረህ። ክንድህ ላይ ያችን ክብ ጠባሳ አየኋት። እናትህ አዝላህ ሄዳ ያስወጋችህ ዕለት ሰፈሩ ውስጥ ሞንታርቦ አልነበረም መሰለኝ።

ልጄ የፊታችን ማክሰኞ 9 ወር ይሞላታል፤ የኩፍኝ ክትባት አላት። ጤና ጣቢያው በአንተ በኩል ነው፣ ሌላ መንገድ የለንም። ስንመለስ ትተኛለችና ለዚያች ሰዓት ብቻ ሞንታርቦውን ወደ ሌላ ሰው መስኮት አዙረው።

ባለ መስኮቱ