እግረኛ ነኝ ወይስ ተሽከርካሪ? እባካችሁ አንድ ሰው ይመልስልኝ

ወደ እንግሊዝ የሚሻገረው መርከብ ከሚነሣበት የሆላንድ ወደብ፣ ከአይሞይደን፣ አሁን መመለሴ ነው፤ እርጥብ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ እጄ ከንዴት የተነሣ እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ የምጽፈው የፊደል ግድፈት ብታገኙ እለፉልኝ። ዛሬ ሙሉ ቀኔን ያጠፋሁት አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ነበር፤ በብስክሌት የሚመጣ መንገደኛ ወደ መርከቡ የሚገባው በየትኛው በር ነው? ይህንኑ በስልክ ሦስት ጊዜ፣ በጽሑፍ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሦስት የማይገናኙ መልሶች ስለተሰጡኝ፣ በአካል ሄጄ በዓይኔ አይቼ ልመለስ ብዬ ተነሣሁ። የተመለስሁት ግን መልስ ይዤ ሳይሆን ተዋርጄ ነው።

ጉዳዩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። እንግሊዝ ኒውካስል ያለችው እኅቴ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የሴት ልጅ ክርስትና ደግሞ በ80 ቀኗ ስለሆነ ለእኔ መንገድ ተብሎ አንድ ቀን ወዲያ ወዲህ አይልም። እሑድ ለሚነሣው ክርስትና ዓርብ ከአይሞይደን የሚወጣው መርከብ ላይ መሳፈር አለብኝ፤ ቅዳሜ ጠዋት የእንግሊዙ ወደብ ኖርዝ ሺልድስ ያደርሰኛል፤ ከዚያ እስከ እኅቴ ቤት በታይን ወንዝ ዳር ከ15 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ መንገድ ነው። ለምን በብስክሌት እንደምሄድም ደጋግሜ ተናግሬአለሁ። ይህን የሰሜን ባሕር ጠረፍ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በባቡር መስኮት እንኳ በቅጡ አላየሁትም፤ በሰሜን ካለችው ከደን ሄልደር ከተማ ተነሥቼ ወደ ደቡብ ባሕሩን በቀኝ እጄ ይዤ፣ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቼ ወደቡ ድረስ መግባት ለእኔ የጉዞው ግማሽ ነው። ለእኅቴ ልጅ አንድ ቀን የምነግራት ነገር እንዲኖረኝም እፈልጋለሁ።

ዕቅዱን ለማውጣት የተቀመጥሁት ከአንድ ወር በፊት ነው። በሥራ ቀን ብስክሌት ይዞ ባቡር መግባት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከቀኑ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ክልክል ነው። ክልከላው በሐምሌና በነሐሴ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ጁላይና ኦገስት፣ አይሠራም፤ የእኔ ጉዞ ግን ሴፕቴምበር ውስጥ ወደቀ። መርከቡ የሚነሣው ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ የመግቢያው ፍተሻ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ይዘጋል። ከአምስተርዳም ከ3 ሰዓት በኋላ በሚነሣ ባቡር ከሄድሁ ደን ሄልደር የምደርሰው ከረፋዱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስለሚሆን፣ ያን ሁሉ መንገድ በሙሉ ጭነት ነድቼ በጊዜ እደርሳለሁ ብሎ መወሰን ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ ወይ ሌሊት ተነሥቼ ከክልከላው በፊት መጓዝ፣ ወይም ሐሙስ ማታ ሄጄ ደን ሄልደር ማደር ግድ ሆነብኝ፤ ለአንድ ሌሊት አልጋ ከፈልሁ ማለት ነው። ባለፈው ሚያዝያ ከክልከላው ሰዓት አራት ደቂቃ ብቻ ዘግይቼ አንዱ የባቡር ተቆጣጣሪ በሰው ፊት ከነብስክሌቴ ካስወረደኝ ወዲህ፣ በደቂቃ ላይ የተመሠረተ ዕቅድ አላወጣም። ሠረገላው ባዶ እንደነበር አሁንም ድረስ ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ነፋሱ አለ። በዚህ ጠረፍ ነፋስ በአብዛኛው የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው፤ እኔ ደግሞ የምነዳው ወደ ደቡብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በደረቴ ልገፋው ነው ማለት ነው። አስቀድሜ ለመሞከር ባለፈው እሑድ ከካላንትሶኽ እስከ ካምፐርዶይን ያለችውን ቁራጭ መንገድ ብቻ በቦፎርት የነፋስ መለኪያ 6 በደረሰ ብርቱ ነፋስ ነዳኋት፤ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር እንኳ መሄድ አቅቶኝ፣ አሸዋው ጥርሴ ውስጥ ገብቶ፣ ካቴናው እንደ ወፍጮ እያንቋረረ ነው የጨረስሁት። የስልኩ የካርታ መተግበሪያ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከጥርጊያው አውጥቶ ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚወርድ ደረጃ ላይ አደረሰኝ፤ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ጭነት የተሸከመ ብስክሌት በደረጃ እንዲወርድ የሚመክር መተግበሪያ ማን እንደ ሠራው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ቁጥር የተጻፈባቸውን የመስቀለኛ መንገድ ምልክቶች ብቻ እየተከተሉ መንዳት ይሻላል፤ እነሱ አይዋሹም።

ነፋሱ ግን የእግዚአብሔር ነው፤ በነፋሱ አላማርርም። መንገዱንም አላማሁትም፤ ይልቁንም እንዲህ ያበሸቀኝ መንገዱ ማማሩ ነው። ፔተን ላይ የነበረው አሮጌ የባሕር ግድብ ደከመ ሲባል በ2014 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ከፊቱ 35 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ደፍተው አዲስ የአሸዋ ኮረብታና አዲስ ዳርቻ ሠሩ፤ በዚያ ላይ የብስክሌት መንገድ አነጠፉ። ከካምፐርዶይን አልፎ የስኾርል ኮረብታዎች፣ ከዚያ በርገን አን ዜ፣ ኤግሞንድ አን ዜ፣ የካስትሪኩም ጫካ፣ ሁሉም ጥርጊያው እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ነው። ከካስትሪኩም ወዲያ የብረት ፋብሪካው ጭስ ይታይና ቫይክ አን ዜ ትደርሳላችሁ። ይህ መስመር ዩሮቬሎ 12 የተባለው የሰሜን ባሕር የብስክሌት መንገድ አካል ነው፤ ይኸው መንገድ ባሕሩን ተሻግሮ በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ይቀጥልና እኔ በምወርድበት አካባቢ በታይንማውዝ በኩል ያልፋል። በሁለቱም ዳር ብስክሌተኛውን በክብር የሚጠብቀው መንገድ አለ። መሐል ላይ ያለው ጥቂት መቶ ሜትር ነው ሰው የሚያሳጣው።

የአይሞይደንን የመርከብ ማለፊያ በሮችም፣ ማለትም የባሕሩንና የቦዩን የውኃ ከፍታ እያስተካከሉ መርከብ የሚያሳልፉትን፣ ዛሬ አይቻቸዋለሁ። ከሰሜን በኩል የሚመጣ ብስክሌተኛ የሰሜን ባሕርን ቦይ የሚሻገረው በእነዚያ በሮች ላይ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ጥር ወር የተመረቀው አዲሱ ማለፊያ 500 ሜትር ርዝመትና 70 ሜትር ስፋት ያለው፣ በዓለም ትልቁ ነው። ትልቅ መርከብ እያለፈ ከሆነ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ዛሬ ቀይ መብራቱ በርቶ አንድ የጭነት መርከብ እንደ ተራራ በፊቴ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ቆሜ ስመለከት፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አጠገቤ የቆሙ አንዲት አሮጊት ከኋላ መጫኛቸው ላይ የሽንኩርት ከረጢት አስረው፣ መርከቡን ሳይሆን የእኔን የጎን ቦርሳዎች እያዩ «ሩቅ ነው የምትሄደው?» ብለው ጠየቁኝ፤ እንግሊዝ አልኳቸው፤ እጃቸውን አንሥተው መልካም ጉዞ ተመኙልኝ። የቀኑ ደግ ንግግር እሱ ብቻ ነበር። መጠበቁ እንዳያስመልጠኝ ቢያንስ አንድ ሰዓት በዕቅዱ ላይ ጨመርሁ፤ ካልሆነም ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ፈልሰን ላይ ብስክሌተኛ በነፃ የሚያሻግር ጀልባ አለ።

እንግዲህ ወደ መሳፈሪያው በር ልምጣ።

አካባቢው ስደርስ አንደኛው አቅጣጫ ወደ መኪና መስመሮች፣ ሌላው ወደ እግረኞች አዳራሽ ይወስዳል። በስልክ የመጀመሪያዋ ሴት «ብስክሌት እንደ ሻንጣ ይቆጠራል፣ እንደ እግረኛ ያዝ» ብላኝ ነበር፤ ሁለተኛው ሰው «በፍጹም፣ እንደ ተሽከርካሪ ነው» አለኝ፤ ሦስተኛው «እዚያው ይነግሩሃል» አለ። እዚያው ሄድሁ። የእግረኞቹ በር ላይ የቆመው ወጣት ብስክሌቱን አይቶ «በዚህ አይገባም፣ ወደ መኪናዎቹ ሂድ» አለኝ። ሄድሁ። መኪናዎቹ ጋ ቢጫ ሰደርያ የለበሰው ሰው እጁን ዘርግቶ አስቆመኝና ሰሌዳ ቁጥሬን ጠየቀኝ። ብስክሌት ሰሌዳ የለውም አልሁት። «ሰሌዳ የሌለው በእግረኛ በኩል ነው» ብሎ መለሰኝ። ሁለተኛ ጊዜ ወደ እግረኞቹ፣ ሁለተኛ ጊዜ ወደ መኪናዎቹ። በመጨረሻ ስመለስ ባለ ቢጫ ሰደርያው ከጓደኛው ጋር ቡና እየጠጣ ነበር፤ ገና ሳልደርስ የብርቱካን ቀለም ያላቸውን የጎን ቦርሳዎቼን በጣቱ እያመለከተ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለኝ፦

«ምግቡ ለማን ነው?»

አልገባኝም ነበርና «ምን ምግብ?» አልሁት በደችኛ።

«ያዘዘው ማን ነው? ለሠራተኞች የሚመጣ ምግብ በኋላ በር ነው የሚገባው።» አሁንም በእንግሊዝኛ ነው።

«ምግብ አላመጣሁም። መንገደኛ ነኝ። ቅድም ሁለት ጊዜ አነጋግረኸኛል፤ በሚቀጥለው ወር በዚህ መርከብ እሄዳለሁ፤ በየትኛው መስመር እንደምቆም ነው የጠየቅሁህ» አልሁት፤ በደችኛ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድም ቃል ሳልስት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ቦርሳዎቹን አየ፤ እንደገና እኔን አየ። «አንተ? እንግሊዝ? በዚህ?» አለና ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። ጓደኛው አልሳቀም፤ አንገቱን አቀርቅሮ ስኒውን ያይ ነበር። ከዚያ ሰውየው «ቪዛ አለህ?» ብሎ አከለበት። ያልተጠየቀውን ጠየቀ፤ የተጠየቀውን ግን አልመለሰም። የደች ፓስፖርት እንዳለኝ፣ የእንግሊዝን የጉዞ ፈቃድ ከፍዬ እንደጨረስሁ ልነግረው አፌን ከከፈትሁ በኋላ ዘጋሁት። ለእሱ ምን ብዬ ነው የማስረዳው? ስለ በር ነው የጠየቅሁት።

በደንብ እንድትረዱኝ የምፈልገው ነገር አለ። ምግብ ማድረስ ነውር አይደለም። እኔ ራሴ ሁለት ክረምት ሙሉ በዝናብና በበረዶ ምግብ አድርሼ የቤት ኪራይ ከፍያለሁ፤ ዛሬም ስንት ወንድሞቻችን ማታ ማታ በዚያው እንጀራቸውን እንደሚያበስሉ ታውቃላችሁ፤ ኮፍያቸውን ሳይ ሰላም ሳልል አላልፍም። ያንገበገበኝ ሥራው አይደለም። ያንገበገበኝ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ፊቱ ቆሜ፣ በቋንቋው ጠይቄው፣ ፊቴን ሁለት ጊዜ አይቶት፣ በሦስተኛው ጊዜ ግን እንደ አዲስ ሰው የቆጠረኝ መሆኑ ነው። የእኔን መልክ የያዘ ሰው ብስክሌት ላይ ከታየ ለሌላ ሰው የሆነ ነገር ይዞ የሚሮጥ እንጂ ለራሱ ጉዳይ፣ ለራሱ ደስታ፣ ወደ ራሱ ዘመድ የሚሄድ ሊሆን እንደሚችል በአሳቡ አልመጣም። ከእኔ ኋላ የመጡ ሁለት ባለ ግራጫ ፀጉር ጀርመኖች ከእኔ የባሰ ጭነት ተሸክመው ነበር፤ እነሱን «ጠብቁ፣ እጠይቅላችኋለሁ» ብሎ ሬዲዮኑን አነሣ። እኔ ባለሁበት!

ቤት ገብቼ ለማኅበራችን ሰዎች ስልክ ብደውል ደግሞ የባሰ ገጠመኝ። አንድ የማከብራቸው ትልቅ ሰው «ልጄ፣ አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት አይፈጅም፤ መኪና መያዝ ካቃተህ ተናገር፣ እናዋጣለን» አሉኝ። ከልባቸው ነው ያሉት፤ ለእኔ አዝነው ነው፤ ስለዚህ ልቆጣቸውም አልቻልሁም። ግን እኮ ያ የበሩ ሰውና እሳቸው ተማክረው የተናገሩ ይመስላል፤ ለሁለቱም ብስክሌት የቸገረው ሰው ምልክት ነው። ባሕር ዳር ያደግሁ ሰው ይህን መስማት እንዴት እንደሚከብደኝ እዚያ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ ሙሽራም መምህርም ነጋዴም በዘንባባው ሥር በብስክሌት ነበር የሚሄደው። ወደ ዘጌ ስንሻገር ጀልበኛው ብስክሌቴን በአንድ እጁ አንሥቶ በእህል ጆንያዎቹ መሐል ያጋድመውና ለእኔ ደግሞ «ግባ አንተ፣ ምን ትጠብቃለህ!» ይለኝ ነበር። እግረኛ ነህ ወይስ ተሽከርካሪ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ደክሞኛል። በእውነት ደክሞኛል። ዕቅዱ ሁሉ ተሠርቶ አልቋል፦ ሐሙስ ማታ ደን ሄልደር፣ ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት፣ ሁለት ከመነዳሪ፣ ፓምፕ፣ የካቴና ዘይት፣ በአንደኛው ቦርሳ በርበሬና ሽሮ፣ በሌላው ለሕፃኗ የተሠፋው ነጭ ልብስ። እንግሊዞቹ ካለፈው 2025 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ጀምሮ ከአውሮፓ የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት ስለከለከሉ፣ እኅቴ የለመነችኝ ቅቤ እንኳ ይቅር ብዬ ነግሬአታለሁ፤ እሱንም ተቀብላለች። የቀረችው ቲኬቱን መቁረጥ ናት፤ እሷ ላይ ስደርስ ገጹ «እንዴት ነው የሚጓዙት?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ ጣቴ እዚያ ላይ ይቆማል። በስሕተት ከያዝሁና ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሁለቱ በሮች መካከል ሲያመላልሱኝ መርከቡ ቢነሣ፣ እሑድ ጠዋት ሕፃኗ ስትጠመቅ እኔ አይሞይደን ቆሜ ነው።

እኅቴ አሁን ማታ ደውላ «ወንድም ጋሼ፣ ታዲያ ትደርሳለህ?» አለችኝ፤ እደርሳለሁ አልኋት። ስለዚህ ከእናንተ መካከል፣ ወይም ከምታውቁት ሰው መካከል፣ ከአይሞይደን በብስክሌት የተሳፈረ ካለ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፍልኝ፦ ቲኬቱን እንደ እግረኛ ይሁን እንደ ተሽከርካሪ በምን እንደያዘ፣ በየትኛው መስመር እንደቆመ፣ ብስክሌቱንም መርከቡ ውስጥ ማን እንዳሰረው ወይም ራሱ እንዳሰረ። ዋጋው እንዳይጨምርብኝ እስከ ረቡዕ ድረስ እጠብቃለሁ።